የሬጌ ምትና የአማርኛ ዜማ፤ ስለ ድምፃዊ እዮብ መኮንን የሥራ ዘመን
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በደብረ ብርሃን ከተማ የተደረገ ንግግር)



በየዓመቱ በምናደርገው ስብሰባ ላይ ከሚቀርቡት ንግግሮች አንዱ ከሙያችን ወጣ ባለ ጉዳይ ላይ እንዲሆን ስለ ተለመደ፣ ዘንድሮ ተራው ለእኔ ደርሷል። የመረጥሁት ርእስ የሬጌ ምት በአማርኛ ዘፈን ውስጥ ያገኘውን ቦታ፣ በተለይም የድምፃዊ እዮብ መኮንንን የሥራ ዘመን የሚመለከት ነው። ርእሱን ስናገር ፈገግ ያሉ ባልደረቦች እንደ ነበሩ አልሸሽግም። ይሁን እንጂ አምና በዚሁ ስብሰባ በሻይ ዕረፍት ጊዜ የተነሣ አንድ ክርክር እስከ ዛሬ በአእምሮዬ ሲመላለስ ቆይቷል። አንድ አንጋፋ አባላችን፣ ሬጌ የሰው አገር ምት ነውና ወጣቶቻችን ነጋ ጠባ እርሱን ሲሰሙ የአባቶቻቸው ዜማ ይጠፋባቸዋል ሲሉ፣ አጠገባቸው የቆመ አንድ ወጣት መሐንዲስ፣ «የተነሣው ከእኛው ንጉሥ ስም አይደለም እንዴ፣ ጋሼ? ምኑ ነው የሰው አገር?» ሲል መለሰላቸው። ክርክሩ ከሻዩ ጋር አብሮ አለቀ።

በበኩሌ ሁለቱም መልሶች አላረኩኝም። አንዱ ምቱ ከየት መጣ ብሎ ይጠይቃል፤ ሌላውም እንዲሁ ከየት መጣ ብሎ ይጠይቃል፤ የተለያዩት በአድራሻው ላይ ብቻ ነው። እኛ ግን በሙያችን አንድ የግንባታ ዕቃ የመጣበትን አገር ጠይቀን ብቻ አንተወውም። ከጎኑ ካለው ዕቃ ጋር እንዴት ተጋጠመ፣ ጭነት ሲያርፍበትስ ምን ሆነ ብለን እንመረምራለን። ፌሮና አርማታ አንድ አካል ሆነው የሚኖሩት በአንድ አገር ስለ ተመረቱ አይደለም፤ ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቅባቸው የሚለጠጡበትና የሚኮማተሩበት መጠን እጅግ ተቀራራቢ ስለ ሆነ ነው። ይህ ባይሆን ኖሮ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ፣ ቀኑ ፀሐይ ሌሊቱ ውርጭ በሆነበት ከተማ አንድ ምሰሶ እንኳ ሳይሰነጠቅ ባልከረመ ነበር። ስለዚህ የእኔ ጥያቄ ይህ ነው፤ የሬጌ ምትና የአማርኛ ዜማ ሲገናኙ መጋጠሚያው ያዘ ወይስ አልያዘም? ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ግልጥ መልስ ሆኖ ያገኘሁት የእዮብ መኮንን ሥራ ነው።

ወደ እርሱ ከመድረሴ በፊት ምቱ የመጣበትን መንገድ ባጭሩ ልናገር፤ መንገዱ ሳይታሰብ በሰሜን ሸዋ በኩል ያልፋልና።

ከዚህ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አንኮበር የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ መቀመጫ እንደ ነበረች ሁላችንም እናውቃለን። በጃማይካ ደሴት ባርነት ፈጽሞ የቀረው እ.አ.አ. በ1838 ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1841፣ የእንግሊዝ መንግሥት መልክተኛ ካፒቴን ሐሪስ አንኮበር ገብቶ ከንጉሡ ጋር ውል ተዋዋለ። ያን ጊዜ እነዚያን ደጋማ ተራሮችና ያችን የሸንኮራ ደሴት አንድ ነገር ያገናኛቸዋል ብሎ ያሰበ ሰው ሊኖር እንደማይችል የታወቀ ነው። ነገር ግን የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ራስ መኰንንን ወለዱ፤ ራስ መኰንን ተፈሪን ወለዱ። ራስ ተፈሪ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የንጉሠ ነገሥትነቱን ዘውድ ሲጭኑ፣ ወሬው ውቅያኖስ ተሻግሮ በጃማይካ ድሆች መካከል አዲስ እምነት አስነሣ፤ የእምነቱም ስም ንጉሡ ዘውድ ከመጫናቸው በፊት ይጠሩበት ከነበረው ስም ተወሰደ። እንግዲህ በኪንግስተንና በለንደን በሬጌ ዘፈን ውስጥ ሲጠራ የሚውለው ስም የዘር ሐረጉ ሲቈጠር እዚሁ አጠገባችን አንኮበር ይደርሳል።

ይህ ለአካባቢያችን ሰው ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ሆኖም ስም ሌላ፣ ምት ሌላ ነው። ያ ወጣት ባልደረባችን ያላስተዋለው ይህን ይመስለኛል። ስሙ ከእኛ ይሂድ እንጂ ምቱ የተወለደው በጃማይካ ነው። እ.አ.አ. በ1960ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ስካ የሚባለው ፈጣን ሙዚቃ፣ ቀጥሎ ረጋ ያለው ሮክስቴዲ፣ በመጨረሻም በ1968 አካባቢ ሬጌ የሚለው ስም ወጣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥራ ፍለጋ ወደ እንግሊዝ የተሰደዱት የካሪቢያን ሰዎች ሙዚቃቸውን ይዘው ሄዱ። ልጆቻቸው ደግሞ በበርሚንግሃምና በለንደን የራሳቸውን ባንዶች አቋቋሙ። ስቲል ፐልስ የተባለው የበርሚንግሃም ባንድ በ1978 ላወጣው የመጀመሪያ አልበም የሰፈሩን የሃንድስዎርዝን ስም ሰጠው። በዚያው ዓመት በዚያው ከተማ የተቋቋመው ዩ ቢ ፎርቲ ደግሞ ስሙን የወሰደው ሥራ አጦች የመንግሥት ድጎማ ለማግኘት ከሚሞሉት ቅጽ መለያ ቁጥር ነው። ነጭና ጥቁር ወጣቶች አብረው የተጫወቱበት ባንድ ነበር። የእንግሊዝ ሬጌ ከመነሻው ከአገሩ የዳንስ ሙዚቃ ጋር የተደባለቀ ሆኖ አደገ፤ የሬጌ ምት ከጃማይካ ውጭ የሌላ አገር ኑሮና ቋንቋ ሊሸከም እንደሚችልም በሰፊው ያስመሰከረው እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ እኛ አገር የመጣበትን ሁኔታ ሁሉ ልዘረዝር አልችልም። ጃንሆይ መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ያደረጉት ንግግር ቦብ ማርሌ እ.አ.አ. በ1976 ላወጣው የታወቀ ዘፈን ቃል ሆነ። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተንን ሲጎበኙ የተቀበላቸው ሕዝብ ብዛት እስከ ዛሬ ይወራል። በሻሸመኔ የተሰጠው መሬት የጃማይካ ሰዎችን ወደዚህ ስቧል፤ ማርሌም ራሱ በ1978 መጥቶ ጎብኝቷቸዋል። ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. ደግሞ ስድሳኛው የልደት ዓመቱ በመስቀል አደባባይ ሲከበር አደባባዩን የሞላው ሕዝብ በመቶ ሺህ የሚገመት ነበር። በተቃራኒው አቅጣጫም ጉዞ ነበር። ዳሎል የተባለው የኢትዮጵያውያን ባንድ በቺካጎ ተቀምጦ ሬጌ ይጫወት ነበር፤ የባሱ ተጫዋች ዘለቀ ገሠሠም በዚያው ከተማ የታወቀ የሬጌ ክበብ ከፍቷል። የማርሌ ልጅ ዚጊ እ.አ.አ. በ1988 ባወጣው አልበም ላይ ያጀበው ይኸው ባንድ ሲሆን፣ አልበሙም የግራሚ ሽልማት አግኝቷል። የሰው አገር ምት ነው ለሚሉት አንጋፋ አባላችን ይህን ማስታወስ እወዳለሁ፤ ምቱን የአገሩ ልጆች ሊያጅቡት የሚገባቸውን ያህል ያጀቡት ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

አሁን ወደ ዋናው ሰው ልምጣ።

እዮብ መኮንን የተወለደው በጅጅጋ ከተማ ነው። ወደ አዲስ አበባ ከመጣ በኋላ በምሽት ክበቦች ከባንዶች ጋር እየዘፈነ ቆይቶ፣ በተለይም ከጽዮን ባንድ ጋር በሠራው ሥራ ታወቀ። «እንደ ቃል» የተሰኘው የመጀመሪያ አልበሙ የወጣው እ.አ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ ያለው ስድስት ዓመት ብቻ ነበር። ነሐሴ 12 ቀን 2005 ዓ.ም. በድንገት በደረሰበት ሕመም ለሕክምና በተወሰደበት በናይሮቢ ከተማ በ37 ዓመት ዕድሜው አረፈ። ከዓመታት በኋላም «እሮጣለሁ» የተባለ አልበም ወጣለት። የሥራ ዘመኑ በዚህ አጭር አንቀጽ ያልቃል። በሕይወት ሳለ ያወጣው አልበም አንድ ብቻ ሲሆን በአማርኛ ዘፈን ውስጥ ይህን ያህል ቦታ ማግኘቱ እኔን እንደ ባለሙያ የሚያስገርመኝ ነው።

እርግጥ ነው፣ ከእርሱ በፊት የሬጌ ምት በአማርኛ ዘፈን ውስጥ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ቴዎድሮስ ካሣሁን እ.አ.አ. በ2001 ያወጣው «አቡጊዳ» ምቱን በየከተማውና በየገጠሩ አዳርሶታል። ነገር ግን በቴዎድሮስ ሥራ ሬጌ ከብዙ ክፍሎች አንዱ ክፍል ነው፤ ቤቱ ሌላም ብዙ ክፍል አለው። አንዳንድ ሌሎች ዘፋኞች ደግሞ የተለመደ ዘፈናቸውን በተለመደ ምት ሠርተው ሲያበቁ ከላይ የሬጌን ጊታር ይቀቡታል። ይህ ልስን ነው፤ ልስን ግድግዳ አይሆንም። እዮብ ግን ምቱን ለመሠረትነት ወሰደው። በዚህ መሠረት ላይ የተናገረው ስለ ጃማይካ ወይም ስለ ጽዮን አልነበረም፤ በአብዛኛው ስለ ፍቅር፣ አንድ የአዲስ አበባ ወጣት በዚያ ዘመን በሚናገርበት አማርኛ የተናገረው ነው። የኪንግስተንን አነጋገር ለማስመሰል ድምፁን አላጣመመም፤ ለስለስና ጎርነን ያለ ድምፁን እንዳለ አስቀመጠው።

መጋጠሚያው ለምን እንደ ያዘ ለመረዳት ምቱን ፈታ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። ሬጌ በአራት ይቈጠራል። በብዙ ሙዚቃ ጉልበቱ የሚያርፈው በመጀመሪያው ምት ላይ ሲሆን፣ በሬጌ ግን በተለይ ዋን ድሮፕ በሚባለው አመታት የመጀመሪያው ምት ባዶ ይተዋል። ትልቁ ከበሮ የሚወድቀው በሦስተኛው ላይ ነው። ጊታሩ ወይም ኦርጋኑ በሁለተኛውና በአራተኛው ላይ ቆረጥ ቆረጥ አድርጎ ይነካል። ዜማውን ከታች ተሸክሞ የሚሄደው ባስ ጊታሩ ነው። በአጭሩ፣ ይህ ምት የተሠራው ከድምፅና ከባዶ ቦታ ነው፤ ባዶውን ከሞላችሁት ሬጌ መሆኑ ይቀራል። በእኛ ሙያ እንደ በርና መስኮት ነው፤ ግድግዳው ሥራውን የሚሠራው በተከፈተለት ቦታ ጭምር ነው።

የእኛው ጭክጭካ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በስድስት ይቈጠራል፤ ሁለት ሦስት ተብሎም ሦስት ሁለት ተብሎም ሊከፈል ይችላል፤ እስክስታውን የሚያጣፍጠውም ይህ ሁለት ፊት ያለው አቈጣጠር ነው። በመንዝና በተጉለት ሠርግ ላይ ከበሮውና ጭብጨባው ሲገናኙ ባዶ የሚቀር ቦታ የለም። ዘፋኙ በዚያ ላይ ሲያወጣ ቃሉን እያፋጠነ ከምቱ ጋር ይሮጣል፤ ተቀባዩም ይከተላል። ይህ ለሠርግ ቤት የሚስማማ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ለብቻው፣ ዝግ ብሎ፣ ለአንዲት ሴት ወይም ለገዛ ራሱ ሊናገር ሲፈልግ ጭክጭካ ፋታ አይሰጠውም። እስካሁን ለዚህ ጉዳይ የነበረን ትዝታ ነው፤ ትዝታ ግን ስሙ እንደሚያመለክተው ብዙውን ጊዜ ወደ ኋላ ያያል።

እዮብ በሬጌ ያገኘው ይህን ፋታ ይመስለኛል። አማርኛ የሚጠብቅና የሚላላ ፊደል ያለው ቋንቋ ነው። «ገና» ስንል ጠበቅ ሲል በዓሉ ነው፤ ላላ ሲል ያልደረሰ ነገር ነው። ዘፋኙ ከምቱ ጋር ሲሽቀዳደም ይህ ልዩነት ይጨፈለቃል፤ ሰሚውም ከዐረፍተ ነገሩ ገምቶ ይረዳል እንጂ ቃሉን አይሰማውም። በእዮብ ዘፈን ውስጥ ግን ቃሉ ጠብቆ ሲቆም የሚቆምበት ቦታ አለ፤ ምቱ ራሱ ያን ቦታ ለቅቆለታል። ይህንን ያወቅሁት ዘፈኖቹን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰማሁ ጊዜ የቃላቱን ትርጕም ሳልደግም በመረዳቴ ነው፤ በአገራችን ዘፈን ይህ ሁልጊዜ የሚገጥም ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ከቅኝቶቻችን ጋር የተያያዘ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ ብቻ አሏቸው። የፈረንጅ ሙዚቃ በሰባትና በዐሥራ ሁለት ድምፅ የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ብዙ ድምፆችን አንድ ላይ የሚያነሣ ውስብስብ ቅንብር በቅኝት ላይ ሲጫን ቅኝቱ ውስጥ የሌለ ድምፅ ሰተት ብሎ ይገባል፤ ዜማውም ባሕርዩን ይለቃል። ሬጌ ግን በቅንብር ረገድ ቆጣቢ ነው። አንድ ዘፈን በሁለት ወይም በሦስት የድምፅ ውሑድ ብቻ ተመላልሶ ያልቃል። ባሱም ከአምስቱ ድምፆች ሳይወጣ ሊሄድ ይችላል። ስለሆነም ቅኝቱ ሳይሸረፍ ከምቱ ጋር ይኖራል። ፌሮና አርማታ ያልሁት እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱ የተስማሙት በስም ወይም በታሪክ ሳይሆን ሁለቱም በጥቂት ነገር መኖር የሚችሉ ስለ ሆኑ ነው።

ከእዮብ ሌላ ሁለተኛ ዓይነት መጋጠሚያ የሞከረ ድምፃዊ አለ፤ እርሱም ኃይሌ ሩትስ ነው። ኃይሌ ሥራውን «ችጌ» ብሎ ሰየመው፤ ጭክጭካና ሬጌ የሚሉት ስሞች ሲቀላቀሉ የወጣ ስም ነው። እዮብ ሬጌውን እንዳለ አስቀምጦ አማርኛውን ሲያሳርፍበት፣ ኃይሌ ደግሞ ሁለቱን ምቶች ራሳቸውን ለማጋባት ተነሣ። ይህን ሲሰሙ ለሒሳብ ቅርብ የሆኑ ባልደረቦቼ ወዲያው እርሳስ እንደሚያነሡ አውቃለሁ። አራትና ስድስት የሚገናኙት በዐሥራ ሁለት ላይ ነው። የሬጌን አራት ምቶች እያንዳንዳቸውን በሦስት ብንከፍል ዐሥራ ሁለት ይሆናል፤ የጭክጭካን ስድስት ሁለት ጊዜ ብንቈጥር ያው ዐሥራ ሁለት ነው። ስለዚህ በአንድ የሬጌ ቤት ውስጥ ሁለት የጭክጭካ ዙር ልክ ይገባል። የአማርኛው ወል ቤት ግጥምም ስድስት ስድስት ሆኖ ዐሥራ ሁለት ቀለም መሆኑን ስታስታውሱ ነገሩ የታሰበበት ሊመስላችሁ ይችላል፤ እኔ ግን አጋጣሚ ነው እላለሁ። ከሁለቱ የቱን ትመርጣለህ ብትሉኝ፣ ለጭፈራ የኃይሌን፣ ለማዳመጥ የእዮብን እመርጣለሁ። መጋጠሚያን ከመጋጠሚያ የሚያስበልጠው የሚሸከመው ጭነት ነውና ይህ ማምለጫ መልስ አይደለም።

የእነዚህን ሰዎች ሥራ ስናነሣ ከመድረኩ ጀርባ ያለውን ሰው አለማንሣት አይገባም። የሙዚቃ አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ከቴዎድሮስ፣ ከእዮብ፣ ከዘሪቱ ከበደ፣ ከሚካያ በኃይሉና ከኃይሌ ሩትስ ጋር ሠርቷል፤ እርሱም መስከረም 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ገና በሥራ ዘመኑ ሳለ አረፈ። ንድፉን የሚሠራው ሰው ስሙ ከሕንፃው ፊት ላይ እንደማይጻፍ ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ ባለሙያ ያለ አይመስለኝም።

ሌላም የምንመሳሰልበት ነገር አለ። በእዮብ ዘመን አንድ ድምፃዊ አልበሙን ለአሳታሚ በአንድ ጊዜ ክፍያ ሸጦ ማሰናበት የተለመደ ነበር፤ አልበሙ በወጣ በሳምንቱም ያለ ፈቃድ የተባዛው ቅጂ በየመንገዱ ይሸጥ ነበር። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ከዐሥር ዓመት በኋላም ተሻሽሏል። ሕጉ ነበረ፤ የድምፃዊው እንጀራ ግን ከምሽት ክበብ መድረክ ነበር የሚመጣው። በሳምንት ብዙ ሌሊት፣ በጢስና በጫጫታ መካከል የሚቆም ሰው ሁለተኛ አልበም ለማዘጋጀት የሚቀረው ጊዜና ጉልበት ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። በታመመም ጊዜ የጤና መድንና የጡረታ ዋስትና የሚሰጠው መሥሪያ ቤት የለውም። እዮብ በስድስት ዓመት ውስጥ ለምን አንድ አልበም ብቻ አወጣ የሚል ሰው ይህን ከግምት ያስገባ። ኤልያስ መልካ ከሕይወቱ የመጨረሻ ዓመታት የተወሰነውን ያዋለው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ «አውታር» የተባለውን፣ ዘፈን በስልክ የሚሸጥበትን ዘዴ በማቋቋም ላይ መሆኑ ያለ ምክንያት አልነበረም። መፍትሔውን የፈለጉት የተጎዱት ራሳቸው ነበሩ።

እስካሁን የተናገርሁት እንደ ሰሚ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው እኛን በቀጥታ የሚመለከት ስለ ሆነ እንደ መሐንዲስ ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ዞን ውስጥ ባለ አንድ አዳራሽ ስሙን በማልጠራው ባንድ የቀረበ የሬጌ ዝግጅት ላይ ተገኝቼ ነበር። ተጫዋቾቹ ጎበዞች ነበሩ። ነገር ግን አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው ነጎድጓድ እንጂ ሬጌ አልነበረም፤ ዘፋኙ ምን እንዳለ ከሦስተኛው መደዳ ወንበር ጀምሮ አይለይም ነበር። ሰዉ ጥፋቱን በዕቃው ላይ አሳበበ። እኔ ወደ ቤቴ ተመልሼ ስሌት ሠራሁ። አዳራሹ ርዝመቱ 20፣ ስፋቱ 12፣ ከፍታው 6 ሜትር ነው እንበል፤ ይዘቱ 1,440 ሜትር ኩብ ይሆናል። ግድግዳው ልስን፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣራው ስላብ ነው። የእነዚህ ሁሉ ስፋት 864 ሜትር ካሬ ሲሆን፣ ከሚመታቸው ድምፅ የሚውጡት ከመቶ ሁለት ያህል ነው። የአሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ የሴባይን ቀመር እንደሚያሳየው አዳራሹ ባዶውን ሲሆን አንድ ድምፅ ከተነሣ በኋላ ጨርሶ እስኪጠፋ 13 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። ሁለት መቶ ሰው ሲገባ ወደ 2 ሴኮንድ ይወርዳል፤ በተለይ በእኛ አካባቢ ሰው ጋቢና ካፖርት ደርቦ ስለሚመጣ ከአዳማ ሕዝብ ይልቅ የእኛ ሕዝብ ድምፅ የመዋጥ ችሎታው የላቀ ነው። ጋቢ ግን ቀጭኑን ድምፅ እንጂ ወፍራሙን በደንብ አይውጠውም። የባሱ ድምፅ በዚያው ሕዝብ መካከል ከ3 ሴኮንድ በላይ ሲንከራተት ይቆያል።

ይህ ቁጥር ለሬጌ ምን ማለት እንደ ሆነ ተመልከቱ። በደቂቃ 75 በሚመታ ዘፈን በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ ከአንድ ሴኮንድ ያነሰ፣ 0.8 ሴኮንድ ነው። ባዶ መሆን የሚገባው የመጀመሪያው ምት ሲደርስ፣ ቀድሞ የተመታው ባስ ገና በአዳራሹ ውስጥ እያገሳ ነው። ባዶው ቦታ በግድ ይሞላል። እዮብ ቃሉን ሊያሳርፍበት የቻለው ያ ቦታ፣ መጋጠሚያው የተያዘበት ያ ቦታ፣ በእኛ ግድግዳ ተደፈነ ማለት ነው። በጄኔሬተር ወይም በመብራት መሥመሩ ምክንያት ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው የ50 ኸርዝ እምምታ ደግሞ ከባስ ጊታሩ ታችኛው «ሶል» ጋር፣ ማለትም ከ49 ኸርዝ ጋር፣ ሊገጥም ጥቂት ይቀረዋል፤ ተጫዋቹ ሳይነካው የሚጮኽ አንድ ተጨማሪ ክር በነፃ ያገኛል ማለት ነው።

በአዳራሽ ዲዛይን ላይ የመሠረቱን፣ የምሰሶውንና የጣራውን ጭነት እናሰላለን። የድምፁን ስሌት ግን አብዛኛውን ጊዜ ማንም አይጠይቀንም፤ እኛም አናነሣውም። ጉዳዩ ከውጭ ምንዛሬ ጋር የተያያዘ ነው የሚል መልስ እሰማለሁ። በዚህ አልስማማም። ድምፅን ከሚውጡ ነገሮች መካከል ከፍተኛ ችሎታ ካላቸው አንዱ የበግ ጠጕር ነው። የምንኖረው በመንዝ በግ አገር፣ ባና በሚፈተልበትና በሚሠራበት አገር፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ነው። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ የተሰቀለ ወፍራም ባና፣ ከጀርባው ያለው አየር ጭምር እያገዘው፣ መካከለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ በሚገባ ይውጣል። ለባሱ ደግሞ ከኋላው ክፍት ቦታ ያለው ስስ የችፑድ ገበር ያስፈልጋል፤ ይህንም ማንኛውም አናጢያችን ሊሠራው ይችላል። በእኔ ግምት ለአንድ አዳራሽ የሚያስፈልገው ወጪ ለፊት ለፊቱ መስታወት ከምናወጣው ያነሰ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የሚቋቋመው የቴክኒክ ኮሚቴ በዞናችን ያሉትን አዳራሾች ድምፅ እንዲለካና ውጤቱን በዚህ መጽሔት እንዲያወጣ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለመለኪያው አንድ ፊኛ ማፈንጃ መርፌና አንድ መቅረጸ ድምፅ ለጅምሩ ይበቃል።

የሬጌ ሙዚቃ እ.አ.አ. በ2018 በዩኔስኮ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ በጃማይካ ስም ሰፍሯል፤ ይህም ተገቢ ነው። የጃማይካ ነው። እዮብ የዘፈነው ግን የእኛ ነው፤ ይህን የምለው በንጉሡ ስም ምክንያት አይደለም፤ ቃሉ ሳይሰበር፣ ቅኝቱም ሳይሸረፍ ስለ ተያዘ ነው። አንጋፋው አባላችን ዛሬም ከመካከላችን ስለሚገኙ የሚሉትን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።

አሁን የድምፅ ማጫወቻው ስለ ተዘጋጀ ሁለት ዘፈኖች በተከታታይ እናሰማችኋለን፤ መጀመሪያ የእዮብን፣ ቀጥሎ የኃይሌን። እባካችሁ ባስ ጊታሩንና የመጀመሪያውን ምት ልብ ብላችሁ አዳምጡ። በየማዕዘኑ የተቀመጣችሁ ወደ መካከል ጠጋ በሉ፤ ወፍራሙ ድምፅ የሚከማቸው ጥግ ላይ ነው። ጋቢ የለበሳችሁም ባታወልቁት ይሻላል።